ዘጠኝ ሰከንድ እንፋሎት

«ሽንት ሲሸኑ ያምጣሉ?»

ይህን ጥያቄ በአማርኛ መጀመሪያ የጠየቅኩ ቀን የምገባበት ጠፋኝ። ማማጥ ከወላድ ጋር የሚነሣ ቃል ነው፤ ሰባ ዓመት ላለፋቸው አባት እንዲህ ተብሎ አይወረወርም። ከዚያ ወዲህ «ሽንቱ እንዲወጣልዎት መግፋት ያስፈልግዎታል?» እላለሁ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉ ሆስፒታሎች ለአማርኛ ተናጋሪ ሕሙማን ማስተርጎም ከጀመርኩ 18 ዓመት ሆኖኛል። ከልብም ከስኳርም ከካንሰርም ይልቅ ቃል ያስቸገረኝ የፕሮስቴት ነገር ነው።

ወንዶቻችን ስለዚህ ሕመም አይናገሩም። «ደህና ነኝ፣ ሽንት ትንሽ ያመላልሰኛል» ብለው ያልፉታል። ሴት ልጃቸው አጅባቸው ከመጣች ደግሞ ይህችም አትገኝም። በአሜሪካ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ለሕመምተኛው በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይህን የማያውቁ ብዙ አባቶች አሉ። ልጃቸው ፊት ስለ ሽንትና ስለ ዘር እንዲያወሩ የሚያስገድዳቸው አንድም ሕግ የለም፤ «አስተርጓሚ ይጠራልኝ» ማለት ብቻ ይበቃል።

ከምርመራ ክፍል የሰማሁት እዚያው ይቀራል፤ የሙያዬ ደንብ ነው። እዚህ የማወራው የራሴንና የታላቅ ወንድሜን ነው። ወንድም ጋሼን አስፈቅጄዋለሁ። «እኔ ሳልናገር ቀርቼ የሆንኩትን ሆኛለሁ፤ አንተ ተናገር» ነው ያለኝ።

አሁን 62 ዓመቴ ነው። ሌሊት መነሣት የጀመርኩት በ55 ዓመቴ ግድም ይመስለኛል። ቀስ ብሎ ስለሚገባ ቀኑን ለይቶ ማወቅ ይቸግራል። መጀመሪያ አንዴ፣ ቆይቶ ሁለቴ፣ ኋላ አራቴና አምስቴ። ባለቤቴ እንዳትነቃ መብራት ሳላበራ ግድግዳ እየዳበስኩ እሄድና እዚያ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሽንቱ ይጀምራል፣ ይቆማል፣ ጠብ ጠብ ይላል። ጨርሻለሁ ብዬ ተመልሼ ጋደም ስል እንደገና ይጠራኛል።

ቀን ደግሞ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ስነዳ፣ ቤልትዌይ በሚባለው ቀለበት መንገድ ላይ የትኛው መውጫ ነዳጅ ማደያ እንዳለው፣ የትኛው ማደያ ሽንት ቤቱን ለደንበኛ ብቻ እንደሚከፍት በቃሌ ያዝኩ። ጠዋት ውሃ መጠጣት ተውኩ። ቤተ ክርስቲያን ከፊት እቆም የነበርኩት ሰው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ በመጨረሻ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ቅዳሴ ሳያልቅ ሦስት ጊዜ ከሕዝብ መሐል መውጣት ከበደኝ። ለምን እዚያ እንደምቆም የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ለሌላው ሰው ያን ሁሉ ዓመት ቃል ስፈልግ ኖሬ፣ ለራሴ ስትሆን አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣ አለች።

ያነቃኝ ስልክ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። «አጎቴ፣ አባዬን ሽንት እምቢ አለው» አለኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

ወንድም ጋሼ ጉንፋን ይዞት አፍንጫ የሚከፍት ኪኒን ከፋርማሲ ገዝቶ ሁለት ቀን ውጧል። በሁለተኛው ሌሊት አንዲት ጠብታ ማውጣት አቃተው። ከእምብርቱ በታች ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሆስፒታል ደርሶ ካቴተር የሚባል የሽንት ማውጫ ቱቦ ሲገባለት ከ1 ሊትር በላይ ሽንት ተቀዳ። የጤነኛ ሰው ፊኛ የሚይዘው ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። እነዚያ የጉንፋን ኪኒኖች ብዙ ጊዜ ሱዶኤፌድሪን የሚባል መድኃኒት አለባቸው። የአፍንጫን የደም ሥር እንደሚያጠብ ሁሉ በፊኛ አፍና በፕሮስቴት ውስጥ ያለውንም ጡንቻ ያኮማትራል። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኙት የአለርጂ መድኃኒቶች ደግሞ ፊኛው ሽንቱን የሚገፋበትን ጉልበት ይቀንሳሉ። ሽንቱ የሚቆራረጥበት ሰው ፋርማሲ ሲሄድ ይህን ለባለሙያው መናገር አለበት። ወንድም ጋሼ አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም።

በማግስቱ ስደውልለት «ሌሊት መነሣት ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «አሥር ዓመት አልፎኛል» አለኝ።

«እኔም አምስት ዓመቴ ነው» አልኩት።

በመካከላችን 12 ዓመት አለ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ነገር ስናወራ ያ የመጀመሪያችን ነበር።

ፕሮስቴት ወንድ ብቻ ያለው እጢ ነው። የዘር ፈሳሹን ከፊል ያመነጫል። ከፊኛ አፍ ሥር ይቀመጣል፤ የሽንት ቱቦውም በመካከሉ ያልፋል። እኔ በልቤ የምስለው ክር የተሰካበት ዶቃ አድርጌ ነው። በወጣትነት 20 ግራም ያህል ይመዝናል። ከ40 ዓመት በኋላ በወንድ ሆርሞን ምክንያት በቱቦው ዙሪያ ያለው ክፍል ማደግ ይጀምራል። በ50ዎቹ ዕድሜ ካሉ ወንዶች ግማሽ ያህሉ፣ ከ80 በላይ ካሉት ደግሞ አብዛኞቹ ይህ እድገት አለባቸው። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ሆኖም ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ ሐኪሙ ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ያዛል። ሌሊት የሚነሣ ሁሉ ፕሮስቴት ነው ማለትም አይደለም። ስኳር፣ የልብ ድካም፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሕመምም ያስነሣል። መመርመር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ዶቃው ሲያብጥ ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይጠባል። ያን ጊዜ ፊኛው ጠንክሮ መግፋት ይጀምራል። ጡንቻ ስለሆነ ከብዛት ይወፍራል፤ መታገሥ ያቅተውና ሳይሞላ ይጠራል። ለብዙ ዓመት ሲገፋ ከኖረ ግን ይደክማል። ፊኛ አንዴ ከደከመ በኋላ መንገዱ ቢከፈትለትም ጉልበቱ ላይመለስ ይችላል። ወንዶች «ዕድሜ ነው» እያልን የምናሳልፋቸው ዓመታት ይህን ጡንቻ ነው የሚበሉት።

የወንድሜ ስልክ በመጣ በሳምንቱ ቀጠሮ ያዝኩ። እንግሊዝኛ ስለምናገር አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ያሉት 7 ጥያቄዎች በቃሌ የማውቃቸው ናቸው። ሽንትዎ ሳያልቅ የቀረ ይመስልዎታል? ይቆራረጣል? ሲመጣብዎት መታገሥ ያቅትዎታል? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ አለው፤ ድምሩ እስከ 35 ይደርሳል። እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከ20 ጀምሮ ከባድ ይባላል። የእኔ 22 መጣ።

ስምንተኛው ጥያቄ ከድምሩ አይገባም። «ቀሪ ዘመንህን ሽንትህ አሁን ባለበት ሁኔታ የምትኖር ቢሆን ምን ይሰማሃል?» ይላል። ይህን ጥያቄ ለስንት አባት በአማርኛ አቅርቤዋለሁ። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚሉኝን «እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ ለሐኪሙ እመልሳለሁ። ያን ቀን ለራሴ ሳነበው እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳልቆይ አልቀረሁም። ከዚያ የመጨረሻውን ሳጥን ምልክት አደረግኩበት፤ ከሰባቱም የከፋውን።

ማሽን በተገጠመለት መቀመጫ ላይ ሸናሁ። የሽንቴ ፍጥነት በሰከንድ 8 ሚሊ ሊትር ነበር፤ ደህና የሚባለው ከ15 በላይ ነው። ከሸናሁ በኋላ በአልትራሳውንድ ሲታይ ፊኛዬ ውስጥ 140 ሚሊ ሊትር ቀርቷል። ፕሮስቴቴ 54 ሚሊ ሊትር ሆኖ ተለካ፤ በግራምም ያንኑ ያህል ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ሕክምናውን የወሰነው እሱ ነው።

በመጀመሪያ የታዘዘልኝ ታምሱሎሲን ነው። እጢውን አያሳንሰውም፤ ጡንቻውን ያላላዋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ልዩነቱን አየሁ፤ ሌሊት ሦስቴ ሆነልኝ። ሌላው መድኃኒት ፊናስቴራይድ ነው። እሱ እጢውን ያሳንሳል፤ ግን እስከ 6 ወር ይፈጃል። የፒኤስኤን ቁጥርም በግማሽ ያህል ስለሚያወርድ፣ የሚወስድ ሰው ለሚያክመው ሁሉ መናገር አለበት፤ አለዚያ ካንሰር ከዚያ ቁጥር ሥር ተደብቆ ሊያልፍ ይችላል። ለብዙ ወንዶች ኪኒኑ ይበቃል። እኔን ያላዘለቀኝ በስቅለት ዕለት የደረሰብኝ ነው። ታምሱሎሲን ከተቀመጡበት ወይም ካጎነበሱበት ሲነሡ የደም ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ስግደቱ መሐል ግንባሬን ከምንጣፉ አንሥቼ ቀና ስል ዓይኔ ጨለመብኝ። አጠገቤ የነበረ ወጣት ባይዘኝ ኖሮ ወድቄ ነበር። ጾሙ ነው ብለው ውሃ አመጡልኝ። ጾሙም ነበረበት፤ ኪኒኑም ነበረበት።

ሐኪሙ ጋ ተመልሼ «ሌላ ምን አለ?» አልኩ።

ለብዙ አሥርት ዓመታት ዋናው ሕክምና በሽንት ቱቦ በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ፣ በኤሌክትሪክ በሚግል የሽቦ ቀለበት እጢውን ከውስጥ እየላጡ ማውጣት ነው። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በአሜሪካ የዳበረ ነው። ሆድ አይቀደድም። አንድ ሁለት ሌሊት ሆስፒታል ያስተኛል፤ ሽንትን በመክፈት በኩል ግን እስካሁን ሌላው ሁሉ የሚመዘነው በእሱ ነው። ዋጋው ይህ ነው፤ ከሦስት ወንዶች በሁለቱ ያህል ላይ ከዚያ በኋላ የዘር ፈሳሽ ወደ ውጭ መውጣቱ ይቀርና ወደ ፊኛ ይመለሳል፤ ኋላ ከሽንት ጋር ይወጣል። ጤና አይጎዳም። ልጅ ለመውለድ ለሚያስብ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ሰው በስደት ዘግይቶ ያገባል፤ በ58 ዓመቱ ልጅ የሚጠብቅ አለ። «ልጅ መውለድ እችላለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በምርመራ ክፍል ውስጥ ከወንዶቻችን አፍ ሲወጣ እምብዛም አልሰማም። ሐኪሙ ካላነሣው እናንተ አንሡት።

አዲሶቹ ሕክምናዎች በእንግሊዝኛ ያላቸውን የወል ስም በአማርኛ አሳጥሬ ለመጥራት ብዙ ደክሜያለሁ፤ አሁን «ሰውነትን ብዙ የማይነካ ሕክምና» እላቸዋለሁ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ አሠራራቸው ለየቅል ነው።

ዩሮሊፍት የሚባለው በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አይቆርጥም፣ አያቃጥልም። ድንኳን ሲተከል ሸራው በገመድ ወደ ውጭ ተስቦ በካስማ እንደሚወጠር አስቡት። ሐኪሙ በቱቦው በኩል ገብቶ የእጢውን ሁለት ጎን ወደ ግራና ቀኝ ይስባል። እጢው ጀርባ ላይ ትንሽ የብረት ካስማ ትቀራለች፣ በመካከል ክር አለ፣ ቱቦው ውስጥ ሌላ ትንሽ ብረት ትይዘዋለች። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ይተከላል። ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል፤ ብዙዎች ካቴተር እንኳ አያስፈልጋቸውም። የዘሩ መንገድ አይነካም። ነገር ግን እጢው አልተወገደምና ማደጉን ይቀጥላል። በዋናው ጥናት ሕክምናውን ካገኙት መካከል ከመቶ 14 ያህሉ በ5 ዓመት ውስጥ ሌላ ሕክምና አስፈልጓቸዋል።

ረዙም እ.ኤ.አ. በ2015 ተፈቀደ። ይህ በእንፋሎት ነው። እናቴ እንጀራ ስትጋግር አክንባሎውን ስታነሣ «እጅህን!» ትለኝ የነበረው ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ የረዙም ሐኪም ነው። እንፋሎት ቆዳ ላይ አርፎ ውሃ ሲሆን በውስጡ የያዘውን ሙቀት በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ከአንድ ግራም እንፋሎት 540 ካሎሪ ያህል ይወጣል። ስለዚህ ከፈላ ውሃ አብልጦ ያቃጥላል። በረዙም ግማሽ ሚሊ ሊትር የማትሞላ ውሃ እንፋሎት ሆና በቀጭን መርፌ ለ9 ሰከንድ እጢው ውስጥ ትለቀቃለች። እንፋሎቱ በሴሎቹ መካከል ተበትኖ ውሃ ሲሆን ሙቀቱ ሴሎቹን ይገድላል። ሰውነት የሞቱትን ቀስ በቀስ ያጸዳል፤ እጢው ይሟሽሻል።

ሌሎችም አሉ። አይቲንድ ከ5 እስከ 7 ቀን ቱቦው ውስጥ ተቀምጦ መንገዱን ከከፈተ በኋላ የሚወጣ የሽቦ መሣሪያ ነው። አኳብሌሽን በአልትራሳውንድ እየታየ በሮቦት በሚመራ ኃይለኛ የውሃ ጅረት እጢውን ይሸረሽራል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተፈቀደ ሲሆን በሆስፒታል፣ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ የሚሠራ ነው። ሌላው መንገድ ከነጭራሹ በሽንት ቱቦ አይገባም። የራጅ ሐኪም በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አሳልፎ ፕሮስቴቱን የሚመግቡትን የደም ሥሮች በጥቃቅን እንክብሎች ይዘጋል፤ የመስኖ ቦይ ሲደፈን ማሳው እንደሚደርቅ። ብራዚላዊው ፍራንሲስኮ ካርኔቫሌ በሳኦ ፓውሎ ያስፋፉት ነው። እጢው በጣም ለተለቀ ሰው ደግሞ ሆሌፕ አለ። የኒው ዚላንዱ ፒተር ጊሊንግ በ1990ዎቹ ያዳበሩት ሲሆን፣ በሌዘር ብርቱካን ልጣጩን ትቶ እንደሚፈለፈል እጢውን ከሽፋኑ ነቅሎ ፈጭቶ ያወጣል። እጁ የተካነ ሐኪም ይጠይቃል።

አዲስ ስለሆነ ብቻ አትመኑት። በ1990ዎቹ እጢውን በመርፌ በሚለቀቅ የሬዲዮ ሞገድ ማቃጠል ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። የአሜሪካ ዩሮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ከእንግዲህ አይመከርም አለ። በኢንተርኔት ማስታወቂያ ያያችሁትን ስም ይዛችሁ ብትሄዱ ክፋት የለውም፤ ግን መጀመሪያ የእጢያችሁን መጠን ጠይቁ፣ ቀጥሎ መካከለኛ የሚባለው ክፍል ወደ ፊኛው አብጦ እንደሆነ ጠይቁ፣ ከዚያ በሐኪሙ እጅ ይህ ሕክምና ስንት ጊዜ እንደተሠራ ጠይቁ።

የእኔ እጢ 54 ሚሊ ሊትር ነበር። ረዙም የተጠናው ከ30 እስከ 80 በሆነ እጢ ላይ ነው። በጥናቱ በ5 ዓመት ውስጥ እንደገና ቀዶ ጥገና ያስፈለጋቸው ከመቶ 4 ያህሉ ናቸው፤ የዘሩም መንገድ በአብዛኛው አይበላሽም። ሐኪሙ ለዩሮሊፍትም እንደምስማማ ነገረኝ። «ካስማው ቶሎ ያስደስትሃል፤ እንፋሎቱ ቶሎ ያስቀይምሃል፣ ኋላ ግን የሚቆይልህ እሱ ይመስለኛል» በሚል መንፈስ ነው ያስረዳኝ። እንፋሎቱን መረጥኩ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ ነድታ ወሰደችኝ። የሚያረጋጋ ኪኒን ተሰጠኝ፤ ፕሮስቴቱ ዙሪያ ማደንዘዣ ተወጋሁ። የማደንዘዣው መርፌ ነው ያመመኝ። ሐኪሙ ሽጉጥ መሰል እጀታ ያለው፣ ጫፉ ላይ ካሜራ የተገጠመለት ቀጭን ዘንግ አስገባ። ከጎኔ ያለው ስክሪን ላይ የራሴን ውስጥ አየሁ፤ ሁለት ሮዝ ግድግዳዎች ተሳስመው በመካከላቸው የቀረች ስንጥቅ። ያን ሁሉ ሌሊት ያስቆመኝ ይህ ነው አልኩ በልቤ። «አሁን» አለ ሐኪሙ፣ ነርሷም ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቆጠረች። ጥልቅ ሙቀትና ሽንቴ አሁኑኑ ካልወጣሁ የሚል ስሜት መጣብኝ። አብሬያት በአማርኛ መቁጠር ጀመርኩ። ሦስት በግራ፣ ሦስት በቀኝ፤ ስድስት ጊዜ ዘጠኝ ሰከንድ። አንድ ደቂቃ የማይሞላ እንፋሎት። ከገባሁበት እስከ ወጣሁበት አንድ ሰዓት አልፈጀም።

ካቴተሩ ግን 5 ቀን ቆየ። እጢው መጀመሪያ ከቁስሉ የተነሣ ስለሚያብጥ ያለ እሱ መሽናት አይቻልም። ከረጢቱ ጭኔ ላይ ታስሮ ሱሪ ሥር አይታይም፤ ስራመድ ግን ሲሞቅና ሲከብድ ይታወቀኛል። ስለዚህ ቱቦ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1752 ለታመመ ወንድሙ ለጆን ከብር የተሠራ፣ የሚተጣጠፍ ካቴተር አሠርቶ ልኮለታል። ሰው በተገኘ ቁጥር ለወንድም ጋሼ በምልከው መቶ ዶላር ላይ ፊቱ የታተመው ሰው ነው። ኖቱን አውጥቼ ረጅም ጊዜ አየሁት።

ካቴተሩ ከወጣ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ሽንቱ ያቃጥላል፣ ጥቂት ደም ይታይበታል፣ ሌሊት ስድስቴ ተነሣሁ። በዘጠነኛው ቀን ምነው ባልነካሁት አልኩ። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ሕክምናው የከሸፈ ይመስለዋል፤ እኔ ተነግሮኝ እንኳ ተጠራጥሬ ነበር። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ተነሣ፤ ሽንቱ ማለቴ ነው፤ በኃይል፣ ሳይቆራረጥ ይወርድ ጀመር። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ነቅቼ ሰዓት ሳይ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። የማንቂያ ደወል የሰማሁ መስሎኝ ነበር፤ የጎረቤት ወፍ ናት። በሦስተኛው ወር ወረቀቱን እንደገና ሞላሁ፤ 22 የነበረው 7 ሆነ። ኪኒኑን አቆምኩ። ባለቤቴ የማታ ቡና አሁንም አቦሉን ብቻ ነው የምትቀዳልኝ፤ ቡና ፊኛን እንደሚያስቆጣ ሐኪሙ ሲነግረኝ አጠገቤ ነበረች።

ወንድም ጋሼ ካቴተሩን ይዞ 3 ወር ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ኢንፌክሽን ያዘው። ሲለካ እጢው 130 ግራም ሆኖ ተገኘ። በአዲስ አበባ በሽንት ቱቦ ገብተው የሚልጡ ሆስፒታሎች አሉ፤ የእሱን ያህል የተለቀውን ግን ከእምብርት በታች ከፍቶ፣ ፊኛውን አልፎ በእጅ ማውጣት ነው የተመረጠው። ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ደም ተሰጠው፤ 8 ቀን ተኛ። አሁን ሽንቱ ያለ ችግር ይወርዳል። ሌሊት ግን ዛሬም ሁለት ሦስቴ ይነሣል፤ ከሸና በኋላም ፊኛው ውስጥ የሚቀር አለ። ያ 1 ሊትር የተጠራቀመበት ጡንቻ እንደ ድሮው አልሆነም።

ባለፈው ወር በስልክ «የእኔን ለምን በዚያ በእንፋሎቱ አላደረጉልኝም?» አለኝ። ቅር ያለው ይመስላል። ሀብታም አገር ያለው ወንድሙ በአንድ ጠዋት ታክሞ ቤቱ ገባ፤ እሱ ሆዱ ተከፈተ።

እውነቱን ነገርኩት። እንፋሎቱ አዲስ አበባ ቢኖር እንኳ 130 ለሆነ እጢ አይመከርም፤ እዚህ ሜሪላንድ ቢሆን ኖሮም ወይ ሆሌፕ ወይ ያው ቀዶ ጥገና ነበር የሚባለው። የተደረገለት ሕክምና ትክክለኛው ነው፤ ሐኪሞቹ በሚገባ ሠርተውለታል። ከአሥር ዓመት በፊት፣ እጢው 50 ወይም 60 በነበረበት ጊዜ ቢናገር ግን ኪኒኑ አዲስ አበባ ውስጥ በየፋርማሲው ነበር፤ ፊኛውም ባልደከመ። ይህን ለታላቅ ወንድም መናገር ይከብዳል። እኔን ያተረፈኝ አገሩ ብቻ እንዳልሆነ፣ የእሱ ያ ሌሊት እንደሆነም ነገርኩት። እሱ ባይታመም ኖሮ ዛሬም በሩ አጠገብ እቆም ነበር።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ የልጆች ጩኸት ይሰማኛል።

«ከጎኔ ያለው ሰውዬ፣» አለኝ በመጨረሻ፣ «ግድግዳው ስስ ነው። ሌሊት ሌሊት የሽንት ቤቱን ውሃ ሲለቅ እሰማለሁ። ትናንት ሦስቴ ነበር፤ ዛሬ አራቴ ሆነ። ገና ስድሳም አልሞላው።»

«ምን አልከው ታዲያ?»

«ምንም አላልኩትም። ነገ ቡና እጠራዋለሁ።»